በ2018 የክት ልብሴን አዘቦት ላደርገው ነው፤ ታግዙኛላችሁ ወይስ ትስቁብኛላችሁ?

ብርዳማዋ (ደብረ ብርሃን)፣ ነሐሴ 28

ሰላም የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ዛሬም ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አልተነሳም። ይሄን የምጽፈው ጋቢ ተከናንቤ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ስለ አለባበስ የምጽፈውና ፎቶ የምለጥፈው ልጅ ነኝ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሁሌ ዕቅድ እጽፋለሁ። ለ2017 ያቀድኩት "በወር አራት አዲስ ስታይል" የሚል ነበር፤ ጥቅምት ላይ ተበላሸ፣ ብሩም ጉልበቱም አለቀ። ለሚመጣው ዓመት ግን ሌላ ነገር አስቤያለሁ፣ ከመጀመሬ በፊት ልጠይቃችሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እንቁጣጣሽ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ የሀበሻ ቀሚስ ገዛሁ። ሻጯ "የእጅ ሥራ ነው፣ ጥለቱን እዪው" ብላ ማለችልኝ፣ እኔም ብዙ ሳልከራከር ከፈልኩ። መስከረም 1 ጠዋት ከከተማ ወጣ ብለን አደይ ያለበት ሜዳ ላይ ፎቶ ልንነሳ ሄድን። ቀሚሱ ስስ ነው፣ እጅጌ የለውም፣ እኛ ያለነው ደግሞ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ነፋሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ጃኬቴን ይዞ ከካሜራው ጀርባ ቆሟል። አንድ ፎቶ ተነስቼ እሮጣለሁ፣ ጃኬቱን ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ፣ አውልቄ ተመልሼ ፈገግ እላለሁ። ያ ፎቶ ያመጣውን ላይክ ሌላ ፎቶዬ አምጥቶ አያውቅም። እኔ ግን እስከ መስከረም 4 ከአልጋ አልወረድኩም፣ እናቴ ዳማከሴ እየጨመቀች ስታጠጣኝ ሰነበተች። ድኜ ቀሚሱን ሳጥበው የጥለቱ አረንጓዴ ነጩ ላይ ወረደ። ለካ ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን የታተመ ነው!

ያን ቀን ተናድጄ ሳጥኔን ገለበጥኩትና ቆጠርኩ። አሥራ አንድ የክት ልብስ። አሥራ አንዱንም ደምሬ በዓመት የለበስኩት አሥራ አምስት ቀን ቢሞላ ነው። የቀረውን ቀን ምን ለብሼ ነው የዋልኩት? አንድ ጥቁር ጃኬት፣ ሁለት ጂንስ፣ አንድ ሹራብ። ስለ ዝነጣ የምታስተምራችሁ ሰው እንግዲህ ይቺ ናት።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለውን ተረት ሁላችንም እንወደዋለን። እኔ ሳስበው ግን ያበላሸን እሱ ነው። ለጥምቀት የሆነው ቀሚስ ጥር 13 የት ገባ ብሎ የጠየቀ አለ? ሞዴሏ ሊያ ከበደ በፈረንጆቹ 2007 ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት ይዛ የተነሳችው የኛኑ ሸማኔዎች የጥጥ ሥራ ነው፤ ያንን ልብስ ዛሬ ውጭ አገር ያለች ሴት ባሕር ዳርቻ ትንፈላሰስበታለች፣ አሸዋ ላይ ትቀመጥበታለች። የኛ ሸማኔ የሠራው ለሷ አዘቦት ሆነ፣ ለኛ ለባለቤቶቹ ክት።

ደግሞ አበባየሆሽ የሚጨፍሩትን ልጆች እዩአቸው። በሀበሻ ቀሚሱ ላይ ሹራብ ደርበው፣ ከስር ታይት፣ እግራቸው ላይ የዝናብ ቦት፣ ቦቱ ላይ ጭቃ። ፎቶ ሲነሱ እናቶቻቸው ሹራቡን ያስወልቋቸዋል። የዚህ ከተማ እውነተኛ ስታይል እሱ የሚወልቀው ሹራብ ይመስለኛል። ከጥለቱ ቀለም ጋር የሚሄድ ሹራብ የሚሠራ ሰው ለምን እንደሌለ አይገባኝም።

ስለዚህ ዕቅዴ ይሄ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ ለፎቶ ብቻ የለበስኩትን አልለጥፍም። አንድ ልብስ ገጼ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ ሙሉ ቀን ቢሮ መዋል አለበት፣ ባጃጅ መሳፈር አለበት፣ ገበያ መግባት አለበት፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ የበለጠ። ማን እንደሰፋው፣ ስንት እንደፈጀ፣ ሦስቴ ከታጠበ በኋላ ምን እንደመሰለ እጽፋለሁ። የተቀደደ ካለም ጠግኜ ጥገናውን አሳያለሁ። ትልቁ ምኞቴ ግን ከመንዝ የበግ ጠጉር ጨርቅ አጠር ያለች ጃኬት ማሰፋት ነው። በርኖሱን ራሱን አይደለም፣ እሱ የአባቶች ነው፤ ጨርቁን ወስጄ በጂንስ የሚለበስ ነገር ላድርገው ነው የምለው።

ጨርቁ ለጃኬት ይሆናል? ይኮረኩራል ይላሉ፣ እውነት ነው? ሐሳቡስ ለእናንተ ሞኝነት ነው? በተረፈ ደግሞ "ነገ ነይ፣ ነገ ነይ" የማይል ልብስ ሰፊ የምታውቁ ጠቁሙኝ።


መቀስና_ሜትር (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ "ነገ ነይ" ያልሽው እኔን መስሎኝ ደነገጥኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት መርገጫ ሲንጀር ላይ ነው። መጀመሪያ ራሴን ልከላከል። ጳጉሜ 3 ቀን ጨርቅ ይዞ መጥቶ ለመስከረም 1 አድርስልኝ የሚል ደንበኛ አለኝ። ጳጉሜ ራሷ ስንት ቀን ናትና! እምቢ ስለው ይቆጣል፣ እሺ ስለው እዋሻለሁ። እኔ መዋሸቱ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ደንበኛው አይሄድብኝም።

አሁን ወደ ጨርቁ። ይሆናል። በሕይወቴ ከዚያ ጨርቅ ሁለት ካፖርት ሰፍቻለሁ፣ አንዱ አሁንም ይለበሳል። ግን እንደ ሌላ ጨርቅ ከያዝሽው ታለቅሻለሽ። መጀመሪያ ሳትቆርጪ ውሃ አስገቢው። ለብ ባለ ውሃ አሳድሪው፣ ሳትጨምቂ ጥላ ላይ አድርቂው። የበግ ጠጉር ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተቆረጠ የአንቺ ጃኬት በመጀመሪያው እጥበት የታናሽ ወንድምሽ ይሆናል። የመጀመሪያውን ካፖርት እንዲያ ነው ያበላሸሁት፣ ባለቤቱ እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ሁለተኛው ነገር ስፋቱ ነው። የሸማኔ ጨርቅ ስፋቱ የሸማኔው እጅ መወርወሪያውን እስከሚያደርሰው ድረስ ብቻ ነው፣ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ሰፊ አይደለም። ስለዚህ ጀርባውን በአንድ ቁራጭ አወጣለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። መሐል ላይ ስፌት ይኖረዋል። ያንን ስፌት መደበቅ አያስፈልግም፣ አውጥተሽ አሳዪው፣ ያምራል። ጨርቁ የተረገጠና የተጠቀጠቀ ስለሆነ ጫፉ እንደ ጥጥ አይተረተርም፤ ሳይታጠፍ ቢተውም ይኖራል። ይሄን ያወቅኩት ሁለተኛው ካፖርት ላይ ነው፣ ሥራው በግማሽ ቀለለልኝ። መርፌው 18 ቁጥር ይሁን፣ ስፌቱ ሰፋ ይበል። ጨርቁ አራት ድርብ የሚሆንበት ቦታ፣ ኮሌታው ሥርና ብብቱ ጋ ማለቴ ነው፣ ማሽን አይበላውም፣ በእጅ ነው። ሰፊሽ "በማሽን ጨርሼዋለሁ" ካለሽ ሁለት መርፌ ሰብሯል ወይ ዋሽቶሻል።

መኮርኮሩ እውነት ነው። አንገትሽ ጋ ሌላ ጨርቅ አስገቢ፣ ቬልቬት ቢሆን ጥሩ ነው፣ እጅጌሽ ጫፍም እንደዚያው። ሙሉ ገበር የግድ ነው። ገበሩን ደግሞ አትሰስቺበት፣ ሰው ላዩን አይቶ ያደንቃል እንጂ ቀኑን ሙሉ ቆዳሽ ላይ የሚውለው ገበሩ ነው። ዚፕ አታድርጊበት፣ ጨርቁ ከብዶት ይጎብጣል። ትልልቅ ቁልፍ።

ዕቅድሽ ሞኝነት አይደለም። የክት ልብስ ብቻ እየሰፋሁ ኖሬ በዓል ሲያልፍ ማሽኔን ሸፍኜ የምቀመጥ ሰው ነኝ፣ ሰዉ በአዘቦቱም ቢያሰፋ መጀመሪያ የምጠቀመው እኔ ነኝ።


አንድ_ሳሪያን

ይቅርታ እህቴ፣ ደስታሽን ላበላሽ አይደለም። ግን ሰው ዘይትና ጤፍ አቅቶት "አሥራ አንድ የክት ልብስ አለኝ፣ ምን ላድርገው" የሚለው ጥያቄ እኔ ጋ አይደርስም። መምህር ነኝ። አንድ ሳሪያን ኮት አለኝ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከሰልባጅ ተራ ነው የገዛሁት። ክትም እሱ ነው፣ አዘቦትም እሱ ነው። ሰርግም ሄጄበታለሁ፣ ለቅሶም፣ ቦርድ ፊትም እቆምበታለሁ። የክርኑ ጨርቅ ሲሳሳ ከሌላ ሱሪ ቆዳ መሰል ቁራጭ አምጥቼ አስለጠፍኩበት፣ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዘነጠ" አሉኝ። ጠመኔ ነጭ ስለሆነ ጥቁር አልገዛም፣ ግራጫ ነው። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ዝናብ ከመታው ምድጃ አጠገብ ሳይሆን ትከሻው ሰፋ ባለ መስቀያ ክፍሉ መሐል ነው የማደርቀው፣ ኪሱ ውስጥ ምንም ከባድ ነገር አላደርግም፣ ስልክም ጭምር።

እውነተኛ ነገር መሥራት ከፈለግሽ ሰው አንዱን ልብስ እንዴት አሥር ዓመት እንደሚያቆየው ጻፊ። አዲስ ጃኬት ማሰፋት ያው ሌላ ግዢ ነው፣ ምንም መንዝ መንዝ ቢል።


ብርዳማዋ

መምህር፣ ይሄ አስተያየት ከኔ ጽሑፍ ይሻላል፣ የምሬን ነው። የክርኑን ፎቶ ይልኩልኛል?


አንድ_ሳሪያን

ፊቴ ካልታየ።


መሐል_ሜዳ_ነኝ

ሰላም የኔ እህት፣ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስለ በርኖስ ስትጽፊ ልቤ ደንገጥ አለ።

የአባቴ በርኖስ ጥቁር ነው። ቀለም ነክሮት እንዳይመስልሽ፣ በጉ ራሱ ጥቁር ነበር፤ ከነጭ በግ ጠጉር ተለይቶ ነው የሚሸለተውና የሚቀመጠው። ቀኝ ትከሻው ላይ ብቅ ያለች ጫፍ አለችው፣ ልጅ ሆኜ እሷን ይዤ እንጠለጠልበት ነበር። በግ ሲጠብቅ ይለብሰዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ይለብሰዋል፣ ሌሊት ደግሞ እላያችን ላይ ጣል ያደርገዋል። እና አንቺ "የክቱን አዘቦት ላድርገው" ስትዪ እኔ የገረመኝ፣ በርኖስ እኮ ድሮውንም አዘቦት ነው! ክት ያደረገው ከተማው ነው፣ የባህል ቡድን መድረክ ላይ ለብሶት ሲጨፍር። እባክሽ ስትለጥፊው "ባህላዊ" የሚል ቃል አትጻፊበት። የሥራ ልብስ በዪው።

ሁለት ነገር ልንገርሽ፣ ማንም አይነግርሽም። ዝናብ ሲመታው ውሃው ቶሎ አይገባም፣ ላዩ ላይ ይንከባለላል፣ ያ እውነት ነው። ግን ከረጠበ በግ በግ ይሸታል። ባጃጅ ውስጥ የተሳፈሩት ሰዎች ዞር ዞር ብለው ያዩሻል። እኔ ሽታውን እወደዋለሁ፣ የቤታችን ሽታ ነው፤ የቢሮ ባልደረቦችሽን ግን አላውቅም። ሁለተኛው ብል ነው። የሱፍ ልብስ ለሰኔና ለሐምሌ በሳጥን ከዘጋሽበት ብል ይበላዋል። መድኃኒቱ መልበስ ነው፣ አለዚያ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማራገፍ። ዕቅድሽን በርኖሱ ራሱ ይደግፈዋል ማለት ነው።

ሌላው ትንሽ ቆጣ የሚያደርገኝ ነገር። መቀስና_ሜትር ጥሩ ጽፈዋል፣ ስለ ሸማኔም ስለ ሰፊም ተጽፏል። የፈተለችዋስ? እኛ አገር የበግ ጠጉር የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፣ ቡና ሲፈላ ትፈትላለች፣ ከሰው ጋር ስታወራ ዓይኗ ሰውየው ላይ ነው፣ እጇ ግን አያቆምም። ጠጉሩ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይፈታታል፣ በውስጡ ያለው እሾህና ጭራሮ አንድ በአንድ ይለቀማል። ቅዝቃዜው ጣቷን ሲሰነጥቀው ቅቤ ትቀባውና ትቀጥላለች፣ ቅቤውም ለክሩ ይበጃል እያለች። ለአንድ በርኖስ የሚበቃ ክር ስንት ወር እንደፈጀባት ቆጥሬ አላውቅም፣ እሷም አትቆጥርም። ጨርቁ ሲሸጥ ዋጋው የሚነገረው ግን ከሽመናው በኋላ ነው። ስለዚህ "ማን እንደሰፋው እጽፋለሁ" ካልሽ "ማን እንደፈተለችው"ንም ጨምሪ።

አክስቴ መሐል ሜዳ ገበያ ትወጣለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ጨርቁን ልታመጣልሽ ትችላለች፣ እኔ እጠይቃታለሁ። ዝተት (ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ) እንዳትሰጥሽ ግን በደንብ ንገሪያት፣ እሱ መኝታ ላይ ነው የሚያምረው፣ ጃኬት ካደረግሽው እንደ በር ትቆሚያለሽ።


ጋቢ_ብቻ

አራት ድርብ ነው፣ አይጠብም፣ ልኬት አይፈልግም፣ "ነገ ነይ" የለበትም። ሌላ ስታይል ምን ያደርጋል?


ድርና_ማግ (አሊዩ አምባ)

የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ ራሴም እሸምናለሁ። እኛ አርጎባዎች ከሽመና ጋር ድሮም አንለያይም፣ አሊዩ አምባም ገበያዋ የታወቀ ነው። ስለ ታተመው ቀሚስሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እሱ እኛን ነው የሚገድለን።

ሻጯ "የእጅ ሥራ ነው" ስትልሽ ገልብጠሽ ማየት ነበረብሽ። የታተመ ጥለት ጀርባው ይፈዛል፣ ነጣ ይላል። የተሸመነ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይታያል፣ ቋጠሮም ይኖረዋል፣ በጥፍርሽ ብትዳስሺው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጥለቱን ከአንዱ ጫፍ እስከሌላው ተከተዪው። የሰው እጅ የሆነ ቦታ ይሳሳታል፤ አንዷ አበባ ከሌላዋ በአንድ ክር ትሰፋለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ተጠራጠሪ። ቀለሙን ደግሞ ነጭ መሐረብ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ ሸት አድርጊው፣ ከለቀቀ እዚያው ትታወቃለች። ሻጯ ፊቷን ብታጠቁርም አድርጊው፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ደንበኛ ስልክ ይዞ ይመጣል፣ ከስልኩ ፎቶ ያሳየኛል፣ "ይሄን አድርግልኝ፣ በሦስት ቀን።" ፎቶው ላይ ያለው አምስት ዓይነት ቀለም ያለው ሰፊ ጥለት ነው፣ እሱን ለማውጣት ድሩ ላይ ክር እየቆጠርኩ በጣቴ ማንሳት አለብኝ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሠርቼ የምደርሰው ስንዝር ቢሆን ነው። እምቢ ስለው ሄዶ የታተመውን ይገዛል። ለመሆኑ ጥለት ሁሌ ሰፊ መሆን አለበት ያለው ማን ነው? ጣት የምታህል ቀጭን ጥለት፣ ሁለት ቀለም ብቻ፣ ለአዘቦት ቀሚስ፣ ለሸሚዝ፣ ለአንገት ልብስ ይበቃል። ዋጋውም ይቀንሳል፣ እኔም ዓይኔ አይጠፋም። እናንተ ፎቶ የምትለጥፉ ሰዎች ሰፊ ጥለት ብቻ ስለምታሳዩ ሰዉ ቀጭን ጥለት ድህነት ይመስለዋል። እሱን ብትቀይሪልን ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ነጠላሽን ደግሞ በብሊች አታጥቢ። ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ከዚያ "ሸማኔው ነው ያሳሳው" ይላል።


ከቆላ_የመጣሁ

እኔ የሸዋሮቢት ልጅ ነኝ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። ስመጣ ሦስት ቲሸርትና አንድ ስስ ጃኬት ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ካልሲ እጄ ላይ አድርጌ ነው የተኛሁት 😅

ለኛ ለቆላ ልጆች አንድ ነገር ጻፊልን። ጠዋት ከዚህ ስነሳ ውርጭ ነው፣ ጣርማ በርን ወርጄ ደብረ ሲና ስደርስ ሹራቡን አወልቃለሁ፣ ሸዋሮቢት ስደርስ በላብ እጠመቃለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሦስት ዓይነት አየር ነው። መደረብና ማውለቅ ብቻ ነው የሚያዋጣው፣ ግን ሲወልቅም የሚያምር ነገር አላገኘሁም፤ ሁሌ ከስር ያለው ልብሴ የሌሊት ልብስ ይመስላል።

ደግሞ ጋቢ ለብሼ ክፍል ብገባስ? ዶርምና ካፌ ሁሉም ይለብሰዋል፣ ማታ ላይብረሪም። ክፍል ሲደርስ ግን ሁሉም አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ክፍሉ እኮ ከካፌው ይበርዳል።


ብርዳማዋ፣ ጳጉሜ 2

ይሄን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም። ሁሉንም አንብቤ አንድ ነገር ሞከርኩ፣ ልንገራችሁ።

ዓርብ ዕለት ያንን ቀለሙን የለቀቀውን ቀሚስ ለብሼ ቢሮ ሄድኩ። ከላይ ግራጫ ሹራብ፣ ከስር ታይት፣ እንደ አበባየሆሽ ልጆች። በር ላይ ጥበቃው ተነስቶ "ምን አለ ዛሬ? ሽምግልና ነው እንዴ?" አለኝ። ገና ሳልቀመጥ ሦስት ሰው ልደቴ መሆኑን ጠየቀኝ፣ አንዷ ኬክ የት አለ አለች። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እኔም ሰርግ ቤት ያለሁ መሰለኝ፣ ወንበር ላይ እንኳ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከምሳ በኋላ ግን ሁሉም ረሳው። እኔም ረሳሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ደፋሁበት፣ ጠረግኩት፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያ ቀሚስ አንድ ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ሲያናድደኝ ኖሮ በአንድ ከሰዓት ልብስ ሆነ። አረንጓዴው እድፍ ሹራቡ ስር ስለሆነ አይታይም፣ ሻዩ ግን ይታያል።

እና ዕቅዱን ትንሽ ቀየርኩት። የመጀመሪያው ጽሑፌ የኔ ልብስ አይሆንም፣ የመምህሩ ሳሪያን ነው። የክርኑ ፎቶ ደርሶኛል፣ ልጥፉ ከሩቅ የታሰበበት ነው የሚመስለው፣ ስፌቱ ግን ትንሽ ጠመም ብሏል፣ እሱ ነው ያማረኝ። ሁለተኛው ስለ ቀጭን ጥለት ነው፣ ድርና_ማግ ፈቃደኛ ከሆንክ መጥቼ እጅህን እቀርጻለሁ፣ ፊትህን አይደለም። ጀርባ ገልብጦ ማየትን ደግሞ ሳጥኔ ውስጥ ባሉት ሁሉ ላይ ሞከርኩት። ከአሥራ አንዱ አራቱ የታተሙ ናቸው። እናቴን "ንጹሕ የእጅ ሥራ" ብዬ የሸለምኳትም የታተመ ነው፣ ምን እንደምላት አላውቅም፣ ለጊዜው ዝም ብያለሁ።

የሸዋሮቢቷ እህቴ፣ ስለ መደረብ እጽፋለሁ፣ ግን ራሴ መንገዱን ለብሼ ወርጄ ካየሁ በኋላ ነው። ጋቢውን ክፍል ይዘሽው ግቢ። መጀመሪያ ሰዓት ይስቃሉ፣ እስከ ምሳ ይረሱታል፣ ከልምድ ነው የምነግርሽ።

መሐል_ሜዳ_ነኝ፣ አክስትሽ ደውለውልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ጨርቁ ጥቁር ነው አሉኝ፣ በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት ሰው ይዞልኝ ይመጣል። የፈተሉትን ሴትዮ ስም ጠይቄያቸው "ስሟን ምን ያደርግልሻል?" ብለው ሳቁ። ሁለተኛ ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። ፈታይዋ ሴትዮ ከፈቀዱ ስማቸውን ከጃኬቱ ገበር ውስጥ፣ ፋብሪካዎች ስማቸውን በሚሰፉበት ቦታ ላይ፣ በክር ላስጠልፈው ነው።

ጋሼ መቀስና_ሜትር፣ እንግዲህ እርስዎ ጋ ነው የምመጣው።


መቀስና_ሜትር

ነይ። ጨርቁ እንደደረሰ መጀመሪያ ውሃ አስገቢው፣ አልረሳሽም አይደል። ገበሩን ራስሽ ግዢ፣ ጥቁር እንዳይሆን፣ ስትከፍቺው ደስ የሚል ቀለም ይሁን። ቅዳሜ መስከረም 10 እንለካለን።


ብርዳማዋ

እሺ ጋሼ። መስከረም 10 ስመጣ "ነገ ነይ" እንዳይሉኝ ብቻ።


መቀስና_ሜትር

ነገ ነይ አልልሽም። መስከረም 11 እሁድ ነው፣ ዝግ ነኝ።